የጉበት ስብ የሆድ ምልክቶች

የጉበት ስብ (የሰባ ጉበት) በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ከመጠን ያለፈ ስብ የሚከማችበት የጤና እክል ነው። ከጉበት ሕዋሳት ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ከያዙ ጉበቱ ሰብቷል ይባላል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ለዓመታት ምንም ምልክት አይታይባቸውም። ምልክት ሲኖር ድካምና የሆድ ምቾት ማጣት ይቀድማሉ፤ ከቀኝ ጎድን በታች የሚሰማ ክብደት፣ የሆድ መነፋት፣ ቃር፣ ማቅለሽለሽና ቶሎ የመጥገብ ስሜት በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። እነዚህ ምልክቶች የጉበት ስብ ብቻ መለያ አይደሉም። እንደ ጋምቤላ ክልል የጉበት ቫይረሶች፣ ወባና የምግብ እጥረት በሚገኙበት አካባቢ አንድ ዓይነት የሆድ ሕመም በጣም የተለያዩ በሽታዎችን ሊያመለክት ይችላል።

ስያሜ

በሽታው ለረጅም ጊዜ በሁለት ተከፍሎ ይጠራ ነበር፤ አልኮል ያመጣው የሰባ ጉበት እና ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ የሰባ ጉበት። በ2023 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ሁለተኛውን «ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የሰባ ጉበት» ብለው ሰይመውታል። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ከውፍረት፣ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከደም ስብ መዛባት ጋር አብሮ ስለሚገኝ ነው። በዓለም ላይ ከ4 አዋቂዎች ቢያንስ 1 ሰው ይህ ዓይነቱ የጉበት ስብ እንዳለው ይገመታል።

በአማርኛ የዕለት ንግግር በላይኛው ሆድ ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ይባላል፤ ዓይንን ቢጫ የሚያደርግ ሕመም ደግሞ «የወፍ በሽታ» ይባላል። ሁለቱም ስሞች የሚናገሩት ስለ ምልክቱ እንጂ ስለ መንስኤው አይደለም። በዚህ የተነሳ የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ለረጅም ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ሲወስድ ሊቆይ ይችላል።

ምልክቶቹ የሚመጡበት መንገድ

ጉበት በቀኝ ጎድን ሥር የሚገኝ፣ ከሆድ ዕቃ ውስጥ ትልቁ አካል ነው። ከአንጀት የሚወጣው ደም በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት በር ሥር በኩል ወደ ጉበት ይገባል። ስለዚህ አንጀትና ጉበት አንዱ የሌላውን ችግር ይጋራሉ።

ክብደትና ድብን ያለ ሕመም፦ የጉበት ውስጠኛ ክፍል ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም፤ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ግን አለው። ጉበቱ በስብ ሲያብጥ ሽፋኑ ይወጠራል፤ ታማሚውም በቀኝ በኩል የመሙላት ወይም የመክበድ ስሜት ይሰማዋል። ስለታም፣ በድንገት የሚጀምርና ወደ ትከሻ የሚሄድ ሕመም ግን በአብዛኛው የሐሞት ጠጠርን ያመለክታል። የሐሞት ጠጠርም የጉበት ስብ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይታያል።

ቃርና ግሳት፦ በሆድ ውስጥ የተከማቸ ስብ ጨጓራን ወደ ላይ ስለሚጫን አሲድ ወደ ጉሮሮ መመለስ ይጀምራል።

መነፋት፣ ድርቀትና ተቅማጥ፦ የጉበት ስብ ባለባቸው ሰዎች በትንሹ አንጀት የባክቴሪያ መብዛትና የአንጀት መቆጣት በብዛት ተመዝግበዋል። የስኳር በሽታ ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው የጨጓራ ነርቮቹ ሊጎዱና ምግብ በጨጓራው ውስጥ ሊዘገይ ይችላል፤ ውጤቱም መነፋት፣ ማቅለሽለሽና ቶሎ መጥገብ ነው።

መድኃኒት የሚያመጣው ምልክት፦ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት በተለይ ሲጀመር ተቅማጥና ቁርጠት ያስከትላል። በዚህ ጊዜ ጉበቱ የባሰበት መስሎት መድኃኒቱን በራሱ የሚያቆም ታማሚ የደም ስኳሩ ከቁጥጥር ውጪ ይወጣል።

የአደጋ ምልክቶች

የጉበት ስብ በጥቂት ሰዎች ላይ ወደ ጉበት መቆጣት፣ ከዚያም ወደ ጠባሳና ወደ ሲሮሲስ (የጉበት መጠንከር) ይሸጋገራል። ሂደቱ ብዙውን ጊዜ አሥርተ ዓመታት ይወስዳል። ሲሮሲስ ሲደርስ ደም በጉበት ውስጥ ማለፍ ስለሚቸገር ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ ያሉ ሥሮችም ይለጠጣሉ። የሚከተሉት ምልክቶች አስቸኳይ ሕክምና የሚሹ ናቸው፦

- ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ
- የዓይን ቢጫ መሆንና የሽንት መጥቆር
- ሆድ ውኃ ቋጥሮ ማበጥ፣ በተለይ ትኩሳትና ሕመም ካለው
- ግራ መጋባት፣ የቀንና የሌሊት እንቅልፍ መዛባት
- ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስና የምግብ ፍላጎት መጥፋት

በጋምቤላ

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 526 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። በክልሉ አኝዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንግርና ሌሎችም ሕዝቦች ይኖራሉ፤ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችም ተጠልለውበታል። በክልሉ የጉበት ስብ ከውፍረት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ቢያንስ ሦስት ሌሎች መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው የምግብ እጥረት ነው። ኳሺዮርኮር በተባለው የሕፃናት ከባድ የምግብ እጥረት ጉበት በስብ ይሞላል። ጉበት ስብን ወደ ደም የሚልከው ከፕሮቲን ጋር አጣብቆ ነው፤ ፕሮቲኑ ሲጎድል ስቡ መውጫ አጥቶ በሕዋሳቱ ውስጥ ይቀራል። እግሩ ያበጠ፣ ሆዱ የተነፋና የምግብ ፍላጎት ያጣ ሕፃን ጠግቦ ሳይሆን ተርቦ ጉበቱ ሊሰባ ይችላል። የበሽታውን ስም በ1935 እ.ኤ.አ. ወደ ሕክምና ጽሑፍ ያስገባችው በጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ትሠራ የነበረችው ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ ናት። በሕክምና ወተትና በአልሚ ምግብ ሲታከም የጉበቱ ስብ ይጠፋል።

ሁለተኛው ኤች አይ ቪና የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው የኤች አይ ቪ ስርጭት የተመዘገበው በጋምቤላ ነበር፤ ከአዋቂዎች 4.8 በመቶ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ 0.9 በመቶ። እንደ ስታቩዲን ያሉ ቀደምት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ጉበትን በስብ ይጎዱ ስለነበር ከአገልግሎት ወጥተዋል። ሆኖም ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ለጉበት ስብ የተጋለጡ ናቸው።

ሦስተኛው አልኮል ነው። አረቄን የመሰለ ጠንካራ መጠጥ በየቀኑ መጠጣት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉበትን ሊያሰባ ይችላል። መጠጡ ሲቆም ስቡም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል።

ከጉበት ስብ ጋር የሚምታቱ በሽታዎች

ከታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. በኋላ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ምክንያት ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ተሰዷል። በ2014 እ.ኤ.አ. በሌይቹር፣ በኩሌና በቲርኪዲ የስደተኞች መጠለያዎች የሄፓታይተስ ኢ ወረርሽኝ ተነሥቶ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች በበሽታው ተጠርጥረዋል፤ የሞቱም ነበሩ። ሌይቹር በዚያው ክረምት በጎርፍ በመጥለቅለቁ ኋላ ተዘግቶ ነዋሪዎቹ ወደ ጀዊ መጠለያ ተዛውረዋል።

ሄፓታይተስ ኢ በሰገራ በተበከለ ውኃ ይተላለፋል። ቫይረሱ ከገባ ከ2 እስከ 10 ሳምንታት በኋላ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመምና የምግብ ጥላቻ ይጀምራሉ፤ የዓይን ቢጫነት ይከተላል። አብዛኛው ሰው ራሱ ይድናል። በመጨረሻው የእርግዝና ሦስት ወር ውስጥ በሚያዙ ሴቶች ላይ ግን የሟቾች ድርሻ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ነፍሰ ጡሮችን በተመለከተ የጉበት ስብ ጉዳይ ልዩ መልክ አለው። «ድንገተኛ የእርግዝና የሰባ ጉበት» የተባለ ብርቅ ግን ገዳይ በሽታ እንዲሁ በመጨረሻዎቹ ወራት በማቅለሽለሽ፣ በማስታወክና በላይኛው ሆድ ሕመም ይጀምራል። የዚህ በሽታ ዋና ሕክምና ሕፃኑን ሳይዘገዩ ማዋለድ ነው። ስለዚህ በሰባተኛው ወርና ከዚያ በኋላ አዲስ የሚጀምር ማስታወክ እንደ ተራ የእርግዝና ምልክት አይታይም፤ የጉበት፣ የደም መርጋትና የደም ስኳር ምርመራ ይሻል።

ሄፓታይተስ ቢ በኢትዮጵያ የሲሮሲስና የጉበት ካንሰር ዋነኛ መንስኤዎች አንዱ ነው። የጉበት ስብና ሄፓታይተስ ቢ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ስቡ በአልትራሳውንድ መታየቱ ቫይረሱ የለም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ ክትባቱን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃናት ከሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች ጋር አዋህዳ ትሰጣለች፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ ግን አልተከተቡም። በክልሉ የሚገኘው ወባም ሲከፋ ማስታወክና የዓይን ቢጫነት ስለሚያመጣ ትኩሳት ያለበት ታማሚ የደም ምርመራ ይደረግለታል።

ምርመራ

የተለመደው የመጀመሪያ ምርመራ አልትራሳውንድ ነው። የሰባ ጉበት በምስሉ ላይ ከኩላሊት ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሆኖም መሣሪያው ጥቂት ስብን ሊያልፈው ይችላል፣ ጠባሳንም በመጀመሪያ ደረጃው አያሳይም። የጉበት ኢንዛይሞች መደበኛ ሆነው የጉበት ስብ ሊኖር ይችላል።

ጠባሳ መኖሩን ለመገመት በብዙ ቦታ የሚሠራበት ቀላል ስሌት «ፊብ-4» ይባላል። የሚፈልገው ዕድሜን፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የተባሉትን ሁለት ኢንዛይሞችና የፕሌትሌት ቁጥርን ብቻ ነው። ውጤቱ ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ ከ2.67 በላይ ከሆነ ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑት ዝቅተኛው መለያ 2.0 ነው። ወባ በራሱ የፕሌትሌት ቁጥርን ስለሚቀንስ ትኩሳት ባለበት ጊዜ የተሠራ ስሌት ያሳስታል። አዲስ አበባ ከጋምቤላ በመንገድ ከ700 ኪሎሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ማን መላክ እንዳለበትና እንደሌለበት በተራ የደም ምርመራ መለየት ለታማሚው ገንዘብና ጊዜ ትልቅ ዋጋ አለው።

ሕክምና

ከውፍረት ጋር ለተያያዘ የጉበት ስብ ዋናው ሕክምና ክብደት መቀነስ ነው። ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ መቀነስ ስቡን ያጎድላል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ መቆጣቱን፣ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ደግሞ ጠባሳውን ሊያሻሽል ይችላል። የለስላሳ መጠጦችን ስኳር መተው፣ አልኮል ማቆምና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይመከራሉ። ቡና አዘውትረው በሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ መገኘቱ በበርካታ ጥናቶች ታይቷል፤ ስኳር የበዛበት ቡና ግን ጥቅሙን ይሸረሽራል።

ይህ ምክር ለሁሉም አይሠራም። በምግብ እጥረት ጉበቱ የሰባ ሰው የሚያስፈልገው ምግብ እንጂ ጾም አይደለም። ሲሮሲስ ያለበት ታማሚም ጡንቻው እንዳይመነምን በቂ ፕሮቲን መብላት አለበት።

የሆድ ምልክቶቹ እንደየመንስኤያቸው ይታከማሉ። ለቃር ትንሽ ትንሽ መብላት፣ በልቶ ወዲያው አለመተኛትና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ይረዳሉ። በሜትፎርሚን ምክንያት የሚመጣ ተቅማጥ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር በመውሰድና መጠኑን ቀስ በቀስ በመጨመር ይቀንሳል። ሲሮሲስ ላለበት ሰው እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች አደገኛ ናቸው፤ የደም መፍሰስና የኩላሊት ጉዳት ያስከትላሉ። ይዘታቸው የማይታወቅ የወፍ በሽታ የባህል መድኃኒቶችም የተጎዳውን ጉበት ይበልጥ ሊያቆስሉ ይችላሉ።

በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሬስሜቲሮምን፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ሴማግሉታይድን ጠባሳ ለጀመረ የጉበት ስብ ፈቅዷል። ሁለቱም መድኃኒቶች ማቅለሽለሽና ተቅማጥን እንደ ጎንዮሽ ጉዳት ያመጣሉ።

መከላከል

ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብ ሄፓታይተስ ኢን፣ ክትባት ደግሞ ሄፓታይተስ ቢን ይከላከላሉ። የሄፓታይተስ ኢ ክትባት ለወረርሽኝ መከላከያነት በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2022 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ የተፈናቃዮች መጠለያ ነው። በቆሎና ኦቾሎኒን በደንብ አድርቆ ማስቀመጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ይቀንሳል፤ ይህ መርዝ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ የጉበት ካንሰርን ዕድል በእጅጉ ያሳድጋል።