መርጡለ ማርያምና የፈረሰው ግንብ

የጎጃም ታሪክ በመጻሕፍት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የመሳፍንትና የነገሥታት ዘመቻ ነው። ጦርነቱ በየት በኩል እንደ ሆነ፤ ማን ድል እንዳደረገ፤ ማን እንደ ተሻረና ማን እንደ ተሾመ እናነባለን። ዳሩ ግን በደገኛ ገበሬዎች መካከል የቆመ አንድ የድንጋይ ግድግዳም አንባቢ ካገኘ የሚናገረው ብዙ ነገር አለው። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሔት፤ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ መርጡለ ማርያም ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

መርጡለ ማርያም የምትገኘው ከደብረ ማርቆስ በሰሜን ምሥራቅ፤ በእነብሴ ሳር ምድር ነው። ዛሬም የዚያው ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ አለ። በስተ ምሥራቅ መሬቱ እየወረደ ሄዶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይገባል፤ ከዓባይ ማዶ ያለው አገር ወሎ ነው። ሕዝቡ ጤፍና ስንዴ፤ ባቄላና ሽምብራ የሚያመርት ገበሬ ነው። እንግዳ ሰው ድንገት ቢያልፍባት ከሌሎቹ የደጋ ከተሞች የምትለይበትን ነገር ላያስተውል ይችላል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጥበታል።

መርጡል የሚለው ቃል ግዕዝ ነው፤ ትርጉሙም አዳራሽ ወይም ድንኳን ማለት ነው። ስለዚህ መርጡለ ማርያም ማለት የማርያም አዳራሽ ማለት ነው። የገዳሙ አለቃ የሚጠሩበት ማዕርግ «ርእሰ ርኡሳን» ሲሆን፤ ይህ ስም ራሱ ቦታው በጥንት ዘመን ምን ያህል የተከበረ እንደ ነበረ ያስረዳል።

የአገሩ አባቶች ሲናገሩ፤ ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ የተከሉት በ4ኛው መቶ ዘመን የነበሩት ወንድማማቾች ነገሥታት አብርሃና አጽብሐ ናቸው ይላሉ። ከዚያም በፊት በኦሪት ሥርዐት መሥዋዕት ይቀርብበት እንደ ነበረ ይተርካሉ። ይህ ከአባት ወደ ልጅ በቃል ሲወርድ የመጣ ትውፊት ነው። ትውፊት የሕዝብ የልቡ መዝገብ ስለ ሆነ ልናከብረው ይገባል፤ በጽሑፍ ከተገኘው ማስረጃ ጋር አስተያይቶ መመርመር ደግሞ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው።

በጽሑፍ ማስረጃ ስሟ ጐልቶ የሚገኘው የንግሥት እሌኒ ነው። እሌኒ የተወለዱት ከሐድያ ገዥ ቤት፤ ከእስላም ወገን ነው። በጋብቻ ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው ክርስትናን ተቀበሉ፤ በጥበባቸውና በምክራቸውም በተከታታይ ነገሥታት ዘመን ተሰሚነት አገኙ። በ1500 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግል ገና በልጅነታቸው በነገሡ ጊዜ፤ መንግሥቱን በሞግዚትነት ይመሩ የነበሩት እኒሁ ንግሥት ናቸው። የቱርኮች ኀይል በቀይ ባሕር በኩል እየበረታ መሄዱን አስቀድመው ተረድተው፤ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። መልእክተኛው ብዙ መከራ አይቶ በ1506 ዓ.ም. ሊዝበን ደረሰ። ለዚህም መልስ የሚሆን የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ።

ከዚህ ጓድ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ጽፎ ትቶልናል። ከእርሱ ቀደም ብሎ መጥቶ በኢትዮጵያ የቀረ ፔሮ ዳ ኮቪልሃ የሚባል ፖርቱጋላዊ ነበረ። ይህ ሰው ለአልቫሬዝ እንዳጫወተው፤ ንግሥት እሌኒ በግዛታቸው በጎጃም ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። የመንበሩንም አሠራር ያሳየው እርሱ ራሱ ነበረ። መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ ውስጡ በወርቅ ተሞላ፤ በላዩ የሚቀመጠው ጽላት ደግሞ ድፍን ወርቅ ነበረ ይላል። የታሪክ ሊቃውንት ይህ ቤተ ክርስቲያን የመርጡለ ማርያም ነው ብለው ያምናሉ።

ይሁን እንጂ ያ ሕንጻ ብዙ ዕድሜ አላገኘም። በዚያው በ16ኛው መቶ ዘመን በአገሪቱ በተነሣው ጦርነትና ሽብር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲጠፉ፤ የእሌኒም ሥራ አብሮ ፈረሰ።

ሁለተኛው የግንባታ ዘመን የመጣው በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናትም በልዩ ልዩ ስፍራ መኖሪያና ቤተ ክርስቲያን ማቋቋም ጀመሩ። ከነዚህም ስፍራዎች አንዱ እነብሴ ነበረ። የእሌኒ ሕንጻ በፈረሰበት ቦታ ላይ እንደ ገና ለመሥራት ተነሡ።

ነገር ግን ሕዝቡ የአባቶቹ ሥርዐት በዐዋጅ ሲሻር ዝም ብሎ አልተቀበለም። የቅዳሜ ሰንበት እንዳይከበር በታዘዘ ጊዜ የዳሞት ሰዎች በቍጣ ተነሡ፤ በላስታም ዐመፁ ለብዙ ዘመን ቆየ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል ቢያደርጉም፤ የወደቀው ሁሉ የገዛ ሕዝባቸው ስለ ነበረ ድሉ ደስታ አልሆነላቸውም። በዚያው ዓመት የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ አስረከቡ። ኢየሱሳውያንም ከአገር ወጡ። የመርጡለ ማርያም ግንብ ግን በቦታው ቀረ።

ከ200 ዓመት በኋላ፤ በ1834 ዓ.ም. ግድም፤ ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ የዓባይን ወንዝና የጎጃምን አገር ሲመረምር ወደዚህ ስፍራ መጣ። ያገኘው ፍርስራሽ ቢሆንም ድንጋዮቹ በጥንቃቄ የተጠረቡ፤ በአበባና በሐረግ ቅርጽ የተጌጡ ስለ ነበሩ እጅግ ተደነቀ። ያየውንም ጽፎ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1847 በለንደን አሳተመው። ይህ ግንብ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ መታወቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬም ፍርስራሹ ቅዳሴ በሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ይህ ግንብ የማን ነው? ሊቃውንቱ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከፊሎቹ የተጌጡት ድንጋዮች ከንግሥት እሌኒ ዘመን የቀሩ ናቸው ይላሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ አብዛኛው ሥራ የኢየሱሳውያን ነው ይላሉ። በሕዝቡም ዘንድ ሁለት ዐይነት አነጋገር አለ። አንዱ ማማሩን አይቶ «ይህማ የፈረንጅ ሥራ ነው» ይላል። ሁለተኛው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የፈሰሰውን ደም አስታውሶ የባዕድ እጅ ጨርሶ አልነካውም ይላል።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም አነጋገሮች ግማሹን ብቻ የያዙ ናቸው። የመጀመሪያው ሰው ንድፍ አውጪውን እንጂ ሠራተኛውን አላሰበም። ጠበብት ከባሕር ማዶ ቢመጡ እንኳ ድንጋዩን ከካባው የሚያወጣ፤ ዐቀበቱን ተሸክሞ የሚወጣ፤ ለሠራተኛው እንጀራና ውሃ የሚያቀርብ የእነብሴ ሰው ካልሆነ ማን ሊሆን ይችላል? ስሙን የጻፈለት የለም፤ ድካሙ ግን በግድግዳው ላይ አለ። ሁለተኛውም ሰው የሚያስታውሰው መከራ እውነት ነው፤ ሊዘነጋም አይገባውም። ሆኖም መከራውን ለማስታወስ ብለን ሥራውን መካድ አያስፈልገንም። ታሪክ የሚጠቅመን የሚያስደስተንንና የሚያሳዝነንን አንድ ላይ ስንይዘው ነው።

ደግሞም ነገሩን በጥሞና ለተመለከተው፤ በዚህች በአንዲት የገጠር ከተማ የኢትዮጵያ ታሪክ ተጠቃሎ ይገኛል። የአክሱም ነገሥታት ስም በትውፊቷ ይነሣል። ከሐድያ የእስላም ቤት የተወለዱ ንግሥት በጎጃም ደጋ የማርያምን አዳራሽ አሠሩ። ከምዕራብ ባሕር ዳርቻ የመጣ ሰው የመንበሩን አሠራር አሳየ። በሃይማኖት ምክንያት የተነሣው ታላቅ ጠብና የተገኘውም ዕርቅ ምልክቱን በዚያው ላይ ትቶ አለፈ። አንድ ወገን ብቻ «ይህ የእኔ ነው» ሊለው አይችልም።

የሚያሳስበን ዋና ነገር ግን አለ። ጣራ የሌለው ግንብ በየክረምቱ ዝናም ይበላዋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የበቀለ ሥር ድንጋዩን ከድንጋይ ይለየዋል። የተጠረበ ድንጋይ ከቦታው ተነሥቶ ለሌላ ሥራ ከዋለ፤ ከብራና መጽሐፍ ላይ እንደ ተቀደደ ቅጠል መሆኑ ነው። ቅጠሉ በሌላ ቦታ ቢገኝም ንባቡ ጐድሏል። ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩ ሳለ ማስረጃው ከጠፋ፤ ነገሩ እውነተኛ ፍርድ ሳያገኝ ይቀራል።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምናቸው፤ በልጅነታቸው የሰሙትን እንዲነግሩን ነው። መምህራኖቻችንን የምንለምናቸው፤ የታሪክ ትምህርት ሲሰጡን የአክሱምንና የላሊበላን፤ የጎንደርንም ግንብ ካስተማሩን በኋላ የእነብሴን ግንብ እንዳይረሱት ነው። ከእኛ በኋላ የምትመጡ ተማሪዎች ሆይ፤ እናንተም ዕረፍት ስታገኙ ወደዚያ ሂዱ። ከካህናቱ ፈቃድ ጠይቃችሁ ግድግዳውን ለኩ፤ ቅርጹን በወረቀት ላይ ንደፉ፤ ሽማግሌዎች የሚሉትን ጻፉ። ቻርልስ ቢክ ከሩቅ አገር በእግርና በበቅሎ መጥቶ የሠራውን ሥራ፤ በአጠገቡ የተወለድን እኛ ልንሠራው አያቅተንም።