ባቡሩ ድምፅ ያገኘበት ታሪክ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የአንድ ጨዋታ ነገር ላውጋችሁ። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1994 ነው። ስኮትላንዳዊው ክሪስ ሶየር ትራንስፖርት ታይኩን የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራ፤ ማይክሮፕሮዝ አሳተመው። ሐዲድ መዘርጋት፣ ከሰል ማጓጓዝ፣ ከተፎካካሪ ቀድሞ ገንዘብ መሰብሰብ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ጆን ብሩምሆል ሲሆን ጃዝና ብሉዝ ያለበት ነው። በዓመቱ ዴሉክስ የተባለው ወጣ፤ ስንቱ ተጫዋች ሌሊቱን ያነጋው በሱ ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ተለወጠ፣ ጨዋታው አረጀ። ወዳጆቹ ግን የሚለቁት አልሆኑም። ሉድቪግ ስትሪጊየስ የሚባል ስዊድናዊ የማሽን ኮዱን እየፈታ በሲ ቋንቋ መልሶ ጻፈውና በዚያው አቆጣጠር በ2004 ማርች ወር ላይ ኦፕንቲቲዲ ብሎ ለቀቀው።

ልብ በሉ! ሰውየው የጻፈው ኮዱን ነው። ሥዕሉም ድምፁም ባለቤት አላቸው። ስለዚህ መጫወት ያማረው ሁሉ የድሮውን ሲዲ ፈልጎ የሥዕል፣ የድምፅና የሙዚቃ ፋይሎቹን መገልበጥ ነበረበት። ሲዲ የሌለውስ? እሱማ ቁጭ ብሎ ያያል።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ። በጨዋታው 73 ቁርጥራጭ ድምፆች አሉ፤ የባቡሩ ፊሽካ፣ የአውሮፕላኑ ጩኸት፣ የፍንዳታው። ሁለት ሦስቱ እኩል ሲመጡ ድምፅ የሚያደባልቀው ክፍል፣ ሚክሰሩ፣ እያንዳንዱን ድምፅ የሚወክለውን ቁጥር ይደምራል፤ ድምሩ ከጣሪያው ካለፈ ይቆርጠዋል። ባቡሩ በስክሪኑ ግራ ካለ ፊሽካው ወደ ግራው ስፒከር ያደላል። ካርታውን ከሩቅ ስታዩት ድምፁ ይቀንሳል። እኔን የሚገርመኝ ግን ይኼ ነው፦ ካርታው ላይ መቶ ባቡር ቢርመሰመስ፣ የምትሰሙት የምታዩትን ብቻ ነው። እንዲያ ባይሆን ኖሮ ጆሮ የሚችለው አልነበረም!

ሙዚቃው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፋይሉ ሚዲ ነው፤ ውስጡ አንዲት የተቀዳች ድምፅ የለችም። «ይህን ኖታ በፒያኖ፣ ይህን ያህል ጊዜ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። በድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የተጻፈውን ምልክት አስቡት፤ ዜማውን ያመለክታል እንጂ ድምፁ ከመሪጌታው ጉሮሮ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ያው ዜማ በአንዱ ኮምፒውተር ሞልቶ ይንቆረቆራል፣ በሌላው እንደ መጫወቻ ፒያኖ ይቀጥናል። ሊነክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ቲሚዲቲ ያለ ሌላ ፕሮግራም ካልተጫነለት ጭራሹን ዝም ይላል።

ታዲያ ሲዲ ለሌለው ሁሉ በጎ ፈቃደኞች ተነሡና ሥዕሉንም ድምፁንም ሙዚቃውንም በነጻ እንደ አዲስ ሠሩ። ሥዕሉን ኦፕንጂኤፍኤክስ፣ ድምፁን ኦፕንኤስኤፍኤክስ፣ ሙዚቃውን ኦፕንኤምኤስኤክስ አሉት። በኔ ግምት ከሦስቱ ነገር የሚያበዛው ድምፁ ነው። ሥዕል ትዕግሥት ያለው ቁጭ ብሎ ይሥለዋል። የባቡር ፊሽካ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ በማይክ የቀዳው መሆን አለበት፤ የቀዳውም ፈቃዱን መስጠት አለበት። ጣጣው ከዚሁ መጣ። ኦፕንኤስኤፍኤክስ መጀመሪያ የወጣበት ፈቃድ ድምፆቹን ለማስታወቂያ መጠቀምን ይከለክል ስለነበር፣ ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ስርጭት «ይኼማ ነጻ አይደለም» ብሎ ከነጻዎቹ ለይቶ አስቀመጠው። ፈቃዱ የተለወጠው ከዓመታት በኋላ ነው። ዴቢያኖች አጥባቂ ናቸው ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን እውነታቸውን ነው።

እንዲያም ሆኖ በአውሮፓውያኑ ኤፕሪል 1 ቀን 2010 የኦፕንቲቲዲ እትም 1.0.0 ወጣ፤ የድሮውን ሲዲ መፈለግም ቀረ። ቀልደኞቹ ደግሞ «ድምፅ አልባ» የተባለ የድምፅ ስብስብ አኑረውበታል። ዝም ማለት ለፈለገም ምርጫው አለ ማለት ነው!

ይህን ያወጋኋችሁ በከንቱ አይደለም። የሙዚቃ ስብስብ ማለት የሚዲ ፋይሎችና የዘፈኖቹን ስም የያዘች አንዲት የጽሑፍ ፋይል ናቸው። አንዱ ለመክፈቻው፣ 30ው ለጨዋታው፣ በጠቅላላ 31 ቦታ አለ። ኪቦርድ የምትጫወቱ፣ ሚዲ መጻፍ የምትችሉ ካላችሁ፣ ማንንም ሳታስፈቅዱ ትዝታውንም አንቺሆዬውንም ደርሳችሁ አስገቡበት።