የስዊስ ወታደር ሰንጢ

የስዊዘርላንድ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለእያንዳንዱ ወታደር ሰንጢ ለማደል የወሰነው ለውጊያ ብሎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1889 የታጠቀው ሽሚት ሩቢን የተባለ አዲስ ጠመንጃ ለመፈታታት ካቻቢቴ ይጠይቃል፤ የወታደሩ ስንቅም በቆርቆሮ እየታሸገ መምጣት ጀምሯል። ስለዚህ ስለት፣ ካቻቢቴ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ወስፌ በአንድ እጀታ የያዘ መሣሪያ አስፈለገ። የ1890 ሞዴል የተባለው ይህ ሰንጢ እጀታው ከጠቆረ እንጨት የተሠራ፣ ጠንካራና ከበድ ያለ ነበር።

በወቅቱ ይህን ያህል ብዛት ሊያመርት የሚችል የስዊስ ፋብሪካ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ 15,000 ሰንጢዎች የተገዙት በቢላዋ ሥራ ስሟ ከገነነው ከጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ነው። ካርል ኤልዝነር ይህን ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1884 በሽቪትስ ግዛት፣ ኢባክ በምትባል መንደር የቢላዋ መሥሪያ ከፍቶ ነበር። አካባቢው ድሃ ነው፤ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አሜሪካ ይሰደዳል። ኤልዝነር የአገሩን ቢላዋ ሠሪዎች በማኅበር አሰባስቦ በ1891 ለጦሩ ማስረከብ ጀመረ። ይሁን እንጂ የዞሊንገን ፋብሪካዎች በማሽን እያመረቱ በርካሽ ስለሚሸጡ፣ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ማኅበሩን ጥለው ወጡ። እሱ ግን ዕዳ ውስጥ ቢዘፈቅም አልተወም፤ ከውድቀት ያተረፉት ዘመዶቹ ናቸው። ከሰንጢው ዝና ጀርባ ከብልሃቱ ይልቅ ይህ ጽናት ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብልሃቱ የመጣው በ1897 ነው። ኤልዝነር ለመኮንኖች ቀለል ያለ ሰንጢ ሲያስብ አንዱን ሞላ በሁለት ወገን አሠራው፤ በአንድ ጎን ስለቶቹን፣ በሌላው ጎን ሌሎቹን መሣሪያዎች ያው ሞላ ይይዛቸዋል። በዚህ ዘዴ ክብደት ሳይጨምር ለሁለተኛ ትንሽ ስለትና ለቡሽ መንቀያ ቦታ ተገኘ። ይህ የመኮንን ሰንጢ ሰኔ 12 ቀን 1897 በሕግ ተመዘገበ። ጦሩ ግን ቡሽ መንቀያ ለውጊያ አያስፈልግም ያለ ይመስል፣ በይፋ አላደለውም፤ መኮንኖቹ በገዛ ገንዘባቸው ይገዙት ነበር። ዛሬ በዓለም የታወቀው ቀይ ሰንጢ የዚህ ዝርያ እንጂ የተራ ወታደሩ አይደለም።

የድርጅቱ የንግድ ስም ከኤልዝነር እናት የመጣ ነው። ቪክቶሪያ በ1909 ስታርፍ ኤልዝነር ስሟን ለድርጅቱ ሰጠ፤ በ1921 የማይዝግ ብረት ሥራ ላይ ሲውል የብረቱ መጠሪያ «ኢኖክስ» ተጨምሮ ቪክቶሪኖክስ ሆነ። ጦሩ በበኩሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪውን ምዕራብ ላለማስከፋት ከ1908 ጀምሮ ትእዛዙን ለኤልዝነር ድርጅትና በዚያው ምዕራብ በደለሞን ከተማ ለነበረው ቢላዋ ሠሪ ለቬንገር እኩል ያካፍል ነበር። ይህ ክፍፍል እስከ 2005 ዘልቆ፣ በዚያው ዓመት ቪክቶሪኖክስ ቬንገርን ገዛው። «የስዊስ አርሚ ሰንጢ» የሚለውን መጠሪያ ያስፋፉት ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው፤ ረጅሙ የጀርመንኛ ስም ለአፋቸው አልመቻቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የሕግ ታሪክ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ከ1988 ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ስለት መያዝን ሲከለክል፣ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢን ለብቻው ፈቅዷል፤ ሲዘረጋ የሚቆለፈውን ግን ፍርድ ቤቶች ከዚህ ፈቃድ አውጥተውታል። የመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት ሰንጢን ከአውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ሲያስወጣ በአየር ማረፊያዎች የነበረው ሽያጭ ባንድ ጊዜ ወደቀ። በ2008 የስዊስ ጦር በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ አዲስ የወታደር ሰንጢ ሲቀበል፣ ጎረቤቷ ጀርመን በዚያው ዓመት እንዲህ ያለውን ሰንጢ ያለ ተገቢ ምክንያት በአደባባይ መያዝን ከለከለች። በ2024 የቪክቶሪኖክስ ኃላፊ የየአገሩ ሕግ እየጠበቀ በመሄዱ ስለት የሌለው የኪስ መሣሪያ እየተዘጋጀ መሆኑን አስታውቀዋል።