የኢትዮጵያዊነት ወረቀት፦ ከ1922ቱ ሕግ እስከ ቢጫው ካርድ

ማን ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ በጽሑፍ የደነገገው የመጀመሪያው ዘመናዊ የዜግነት ሕግ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነበር። በጊዜው በአዲስ አበባ የሚኖሩ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች፣ በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በፈረንሳዩ ልዑክ ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው ስምምነት ባስገኘው ልዩ መብት፣ የቆንስላቸው እጅ ሳይገባበት በአገሩ ዳኛ አይዳኙም ነበርና፣ «የማን ዜጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ «ማን ይዳኘዋል?» ከሚለው ጋር የተቆራኘ የሉዓላዊነት ጥያቄ ነበር።

ሕጉ ዜግነትን ያሠረው በመሬት ሳይሆን በትውልድ ነው፤ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በአገር ውስጥም ተወለደ በውጭ ኢትዮጵያዊ ነው። ይህ የሕግ ሰዎች «የደም መርህ» የሚሉት ሥርዓት፣ በርካታ የአውሮፓ ሕጎች ዜግነትን በአባት በኩል ብቻ ያስተላልፉ በነበረበት ዘመን እናትን ከአባት እኩል ማቆሙ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ነገር ግን ያው ሕግ የውጭ ዜጋ ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን እንድታጣ በመደንገጉ፣ ለልጆቿ እንድታወርስ የተፈቀደላትን ለራሷ ማቆየት ተከለከለች፤ በጋብቻ ምክንያት ዜግነት እንደማይቀር በሕገ መንግሥት ደረጃ የተረጋገጠው በ1987 ዓ.ም. ነው።

በደም ያልተወለደ ባዕድ ዜጋ ለመሆን ከፈለገ፣ አምስት ዓመት በአገሩ መኖር፣ ራሱን የሚያስተዳድርበት ገቢ ማግኘትና አማርኛ አጣርቶ መናገርና መጻፍ ነበረበት፤ በ1926 ዓ.ም. የተጨመረው ማሻሻያ ደግሞ መንግሥት ለአገር ይጠቅማል ያለውን ሰው ከእነዚህ ግዴታዎች ከአንዳንዶቹ ነጻ አድርጎ እንዲቀበል ፈቀደ። የትውልድ መስፈርቱ አገሪቱ በእውነት ከምትኖረው ሕይወት ምን ያህል ይጠብ እንደነበር አርመኖች ያሳያሉ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወደ አገራቸው ያስመጧቸው፣ «አርባ ልጆች» ተብለው የታወቁት የአርመን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ እስከ 1967 ዓ.ም. ያገለገለውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው።

ከዚህ የጠለቀውን ጥያቄ ያስነሳችው ሻሸመኔ ናት። በጣልያን ወረራ ዘመን ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ በመሠረቱት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ለኢትዮጵያ ለተሟገቱ የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች፣ ቀድሞ ራስ ተፈሪ የተባሉት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከነጻነት በኋላ በሻሸመኔ አምስት ጋሻ፣ ማለትም ሁለት መቶ ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። በዚህ መሬት ላይ ከሰፈሩት መካከል ንጉሠ ነገሥቱን የሚያመልኩት ራስ ተፈሪያን በዙና ሰፈሩ በአካባቢው ሰው አንደበት «ጃማይካ ሰፈር» ተባለ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የመንግሥት ሲያደርግ የእነርሱም ይዞታ አልተረፈም፤ ቢሆንም ብዙዎቹ አገሩን አልለቀቁም። እነዚህ ሰዎች የሸሹት ጦርነት ወይም ረሃብ አልነበረም፤ የአባቶቻቸው አገር ብለው ያመኑባትን ምድር መርጠው ነው የመጡት። የደም መርህ ግን ለዚህ ዓይነቱ ምርጫ ስም አልነበረውምና፣ ሁለት የውጭ ዜጎች ሻሸመኔ ላይ የወለዱት ልጅ በሕግ ፊት ባዕድ ሆኖ አደገ።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአገር ወጥተው የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ኢትዮጵያዊነታቸው በሕግ ይቋረጥ ነበር፤ የ1922ቱን ሕግ የተካው አዋጅ ቁጥር 378/1996ም ጥምር ዜግነትን አልፈቀደም። ይህን ክፍተት በከፊል የሞላው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ሲሆን፣ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለውን መታወቂያ ይዞ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራና ቤት እንዲኖረው ፈቀደ፤ መምረጥ፣ መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ግን ተከለከለ። የኤርትራን ዜግነት የወሰዱትንም አዋጁ አገለላቸው። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከኤርትራ ጋር በተካሄደው ጦርነት የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ በርካታ ሰዎች በኤርትራዊ ትውልዳቸው ተባርረው ነበርና፣ ቀድሞ የማስገቢያ በር የነበረው የዘር ሐረግ እዚህ ላይ የማስወጫ በር ሆነ።

መንግሥት በ2009 ዓ.ም. ለራስ ተፈሪያን መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። የተሰጣቸው ወረቀት ያለ ቪዛ የመግባትና ያለ መኖሪያ ፈቃድ የመኖር መብት የሚሰጥ ነው፤ ሙሉ ዜግነት ግን አይደለም። ሻሸመኔ ላይ ተወልዶ ያደገው ሰው ያገኘው ወረቀት፣ ውጭ አገር ተወልዶ ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቅ የኢትዮጵያዊ የልጅ ልጅ ከሚያገኘው ጋር በዚህ ተመሳስሏል።