መንገዱ የማን ነው?

ዌልስ ውስጥ ዝናብ ዜና አይደለም። ከአትላንቲክ የሚመጣው ነፋስ ደመናውን እየነዳ ገደሉ ላይ ያራግፈዋል። በዚያ ጭቃ ላይ ግን የዝናብ ልብሱን ደርቦ፣ በአንድ ወገን ባሕሩን በሌላ ወገን የገበሬ ማሳ እያየ ለሳምንታት የሚጓዝ እግረኛ አይጠፋም። ማሳው የግል ነው። መንገዱ ግን የሕዝብ ነው። ይህ እንዴት ሆነ?

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን ወደዚህ ዳርቻ ብዙ ተሳላሚ ይጎርፍ ነበር። የዌልስ ጠባቂ የሆነውን የቅዱስ ዴቪድን መቃብር ሁለት ጊዜ የተሳለመ ሰው፣ አንድ ጊዜ ሮም እንደሄደ ይቆጠርለታል ይባል ነበር። ከተሳላሚው ሌላ ዓሣ አጥማጁም፣ ኮንትሮባንዲስቱም፣ እሱን የሚያሳድደው ጠባቂም በገደሉ አፋፍ ተመላልሰዋል። ሆኖም እግር የረገጠው ሁሉ መብት አይሆንም። ባለመሬቱ አጥር ካጠረ እግረኛው ይመለሳል።

ይህ ጥያቄ በመላ ብሪታንያ ሲብላላ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1932 በእንግሊዝ ፈነዳ። ኪንደር ስካውት በተባለው ተራራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችና ወጣቶች የግል መሬት ጥሰው ገቡ፤ አምስቱ ታሰሩ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1949፣ ብሔራዊ ፓርኮችንና ረጅም የእግር መንገዶችን የሚፈቅድ ሕግ ወጣ።

ታዲያ ሕግ መውጣቱ ብቻውን መንገድ አይከፍትም። በደቡብ ምዕራብ ዌልስ፣ በፔምብሮክሻየር፣ የአእዋፍ ተመራማሪው ሮናልድ ሎክሌይ መስመሩን ያጠናው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። መንገዱ የተመረቀው ግን በ1970 ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ያለቀው ከባለመሬቶች ጋር በመደራደር፣ የመተላለፊያ መብትን በወረቀት በማጽናት፣ ድልድይና መሸጋገሪያ በመሥራት ነበር። ያ ሁሉ ልፋት ለ300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው!

በ2012 ደግሞ የዌልስ መንግሥት ጠረፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አገናኘው፤ ከቼፕስቶ እስከ ቼስተር አቅራቢያ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ። አገር ሙሉ ጠረፏን በአንድ የእግር መንገድ ስታያይዝ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት ይባላል።

ድሉ ሙሉ ነው ማለት ግን አይደለም። ካስልማርቲን ላይ የጦር ሠራዊቱ የተኩስ ልምምድ ሲያደርግ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ እግረኛው ዞሮ ይሄዳል። መብቱ አሁንም ድንበር አለው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የሕዝብ መብት በአንድ አዋጅ ወይም በአንድ ሰልፍ የሚገኝ ይመስለናል። የዌልስ ጠረፍ የሚናገረው ሌላ ነው፦ ሰልፉ በሩን ያንኳኳል፣ አዋጁ ይከፍተዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማሳ ለማሳ እየዞረ፣ በዝናብ ውስጥ፣ ለዓመታት የሚደራደር ሰው ያስፈልጋል። የዚያን ሰው ስም የሚያስታውስ የለም። መንገዱን ግን ዛሬም ሰው ይሄድበታል።