አዲስ ዜማ ከአንጋፋ ባንድ፦ የሮክ ሙዚቃ ታሪክ ምን ያስተምረናል?



የዛሬው ጥያቄያችን ሲታይ ቀላል ነው። አባሎቻቸው 70 እና 80 ዓመት የሞላቸው የሮክ ባንዶች አዲስ ሙዚቃ መሥራታቸውን ይቀጥሉ ወይስ በቀድሞ ሥራቸው ተከብረው ይረፉ? ጥያቄው የጣዕም ብቻ አይደለም፤ የራሱ ታሪክ አለው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ይህ ጥያቄ ለሌሎች ከያንያን እምብዛም አይቀርብም። ጣሊያናዊው ቬርዲ «ፋልስታፍ» የተሰኘውን ኦፔራ በ1893 ለመድረክ ሲያበቃ 79 ዓመቱ ነበር፤ ሥራው ዛሬም ከታላላቅ ድርሰቶቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ሮክ ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የወጣትነት ድምፅ ተብሎ ቀረበ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእጁ ገንዘብ የገባለትን ወጣት ሸክላ አሳታሚዎች ዋነኛ ደንበኛቸው አደረጉት። በ1965 «ዘ ሁ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እርጅናን የሚንቅ ዘፈን ሲያወጣ፣ ደራሲው ፒት ታውንሼንድ 20 ዓመቱ ነበር። ያው ሰው በ2019 ከባንዱ ጋር አዲስ አልበም ሲያወጣ 74 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ሮክ የወጣት ብቻ ነው የሚለው እምነት ከራሱ ከሮክ ምንጭ ጋር ይጋጫል። በ1961 ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ በዳርትፎርድ ባቡር ጣቢያ የልጅነት ትውውቃቸውን ሲያድሱ፣ ያቀራረባቸው ጃገር የያዛቸው የቸክ ቤሪና የመዲ ዋተርስ ሸክላዎች ነበሩ። «ሮሊንግ ስቶንስ» የሚለው የባንዱ ስምም የተወሰደው ከመዲ ዋተርስ የ1950 ዘፈን ነው። በጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ባህል ደግሞ ዕድሜ አያሳፍርም። መዲ ዋተርስ ራሱ ስድሳን ከተሻገረ በኋላ፣ በ1977፣ ብዙ የተወደሰ አልበም አውጥቷል።

ተቃራኒውን ክርክር አቃልለን ማለፍ ግን አይገባንም። ሮሊንግ ስቶንስ ከ2005 እስከ 2023፣ 18 ዓመት ሙሉ፣ የራሱን አዲስ ድርሰቶች የያዘ አልበም አላወጣም፤ የ2016ቱ አልበም የሌሎችን የብሉዝ ዘፈኖች የያዘ ነበር። በ2005 የጀመረው የመድረክ ጉዞው ግን ከ550 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶለታል። ታዳሚው የሚከፍለው በአመዛኙ የወጣትነቱን ዘፈኖች ለመስማት ነው። የሸክላና የሲዲ ገበያ ከተዳከመ ወዲህ ደግሞ አዲስ አልበም የመድረክን ያህል አያስገኝም። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የኋለኛ ዘመን ሥራዎች የቀድሞዎቹ የደበዘዙ ቅጂዎች ናቸው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ባንዱ በ2023 አዲስ አልበም ሲያወጣ ጃገር 80 ዓመቱ ነበር። ከበሮ መቺው ቻርሊ ዋትስ በ2021 ቢያርፍም፣ አስቀድሞ የቀረጸው ምት በሁለት ዘፈኖች ውስጥ ይሰማል። አልበሙ የሚዘጋው ባንዱ ስሙን ባገኘበት በዚያው የመዲ ዋተርስ ዘፈን ነው፤ የሚጫወቱትም ጃገርና ሪቻርድስ ብቻቸውን ናቸው። ይህን ዘፈን በ20 ዓመታቸው ቢቀርጹት ኖሮ የተማሪ ልምምድ በሆነ ነበር፤ በ80 ግን የስንብትና የምስጋና ድምፅ አለው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ዜማዎቻችንን ለዓለም አሰማ፤ ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ጆሯችን በዚያ ዘመን ላይ ከቆመ፣ አንጋፎቻችንን የትናንታቸው ዘብ እናደርጋቸዋለን። ሙላቱ አስታጥቄ፣ የሮክ ሳይሆን የኢትዮ ጃዝ ሰው ቢሆኑም፣ በ2013፣ 70 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀሩ አዲስ አልበም አቅርበዋል።

ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው። የሚናገረው ያጣ ባንድ ዝም ቢል ክብር ነው፤ የሚናገረው ያለውን ግን በዕድሜው ምክንያት ዝም ማሰኘት አይገባም። ፍቅርንና ቁጣን የዘፈነልን ትውልድ ስለ ሞት፣ ስለ ጓደኛ ማጣትና ስለ ደከመ ገላ ካልዘፈነልን፣ ከኑሮ ግማሹን ሳንሰማ እንቀራለን። ከእኛ የሚጠበቀው አዲሱን ሥራ ከአሮጌው ጋር ከማወዳደራችን በፊት እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ነው።