የምድር ትል እንደ ታሪክ ምስክር፦ የሰርቦና የአካባቢዋ አፈር



የግብርና ታሪካችንን ስንጽፍ የምንመረምረው አብዛኛውን ጊዜ አዋጁን፣ ግብሩንና የቡናውን ገበያ ነው። ዛሬ ግን ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ሰርቦን ይዤ ስለ ሌላ ምስክር ልናገር እወዳለሁ፤ እርሱም የምድር ትል ነው።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትል የወደቀ ቅጠል እየበላና አፈር እያመላለሰ የመሬትን ገጽ እንደሚሠራ አሳይቷል። ለዚህ ሥራው የሚሻው እርጥበት፣ የሚበሰብስ ቅጠል፣ ያልታወከ መኖሪያና አሲዳማነቱ ያልበረታ አፈር ነው። እነዚህ በአንድ ማሳ ላይ መኖር አለመኖራቸው በእጅጉ የተመካው በአስተራረሳችን ላይ ነው። ስለዚህ የትሉን ዕጣ መመርመር የአራሹን ኑሮ፣ ከዚያም አልፎ አራሹ የኖረበትን ሥርዓት መመርመር ነው እላለሁ።

በጅማ አካባቢ ሁለት ዓይነት መሬት ጎን ለጎን እናያለን። በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር ያለው ቡና ማረሻ አያውቀውም፤ የረገፈው ቅጠልም እዚያው ይበሰብሳል። ጤፍና በቆሎ የሚዘራበት ማሳ ግን ተደጋግሞ ይታረሳል። ማረሻው የትሉን መተላለፊያ ያፈርሳል፤ ትሉንም ለፀሐይና ለወፍ ያጋልጣል። አገዳው ለከብትና ለማገዶ ሲወሰድ ደግሞ ምግቡ ይቋረጣል። በዚህ ላይ ከባድ ዝናብ የቀዩን አፈር ካልሲየም አጥቦ ይወስዳል፤ ያለ ኖራ የሚደጋገም ዩሪያም አሲዳማነቱን ያብሳል።

እ.ኤ.አ. በ1952 በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥርት ዓመታት በአገራችን የአፈር ለምነት ጥያቄ ይበልጡን በማዳበሪያ ኩንታል ይለካ ጀመር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር፣ መሬቱ የማን ነው ለሚለው ታላቅ ጥያቄ መልስ ሰጠ። አገዳው የማን ነው የሚለው ትንሽ ጥያቄ ግን ሳይነሣ ቀረ። የከብቱ ነው? የምድጃው ነው? ወይስ የአፈሩ? ይዞታ እየጠበበ በሄደ ቁጥር አፈሩ ከሦስቱ የመጨረሻው ተራ ጠባቂ ሆነ።

ዛሬ በትል የሚዘጋጅ ብስባሽ ይበረታታል። መልካም ነው፤ ነገር ግን በሣጥን የሚረባው ቀይ ትል የብስባሽ ነዋሪ እንጂ የማሳ ነዋሪ አይደለም። የማሳው ትል የሚመለሰው መብሉና ማደሪያው ሲመለሱለት ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ «ገበሬው አፈሩን ጎዳ» ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። አገዳው ማሳው ላይ ይቅር የሚል ሰው ላሚቱ ምን ትብላ፣ ምድጃውስ በምን ይንደድ ለሚለው አስቀድሞ መልስ ሊያዘጋጅ ይገባዋል።